ቁጥር ሦስት በፍሎሪዳ

ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ
ጁን 4 ቀን 2023

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአጎቴ ሚስት፣ ለእትዬ ኦፓል ስቲድሃም፤

ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንዴት ከረመ? ጆሮዎስ? በስልክ ላወራዎት ፈልጌ ነበር፤ ግን ባለፈው ገና ግማሹን ሳይሰሙኝ «እሺ፣ እሺ» እያሉ እንደዘጉት ትዝ ሲለኝ ወረቀት አነሣሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሙቀቱ በቀር ደኅና ነን። ባሌ ከርቲስና ልጃችን ማርሊ ሰላም ይሉዎታል። እኔም እዚያው የጥርስ ሐኪሙ ቤት ነኝ፤ የሰው አፍ ሳስከፍት እውላለሁ።

የምጽፍልዎት ስላለፈው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ሐኪሙ፣ አለቃዬ ማለቴ ነው፣ እዚህ ካሉት የመዝናኛ ፓርኮች ለአንዱ ሦስት የመግቢያ ካርድ ሰጠኝ። ፓርኩ በቅርቡ አዲስ ሰፈር ከፍቷል፤ «ከሰል ሸለቆ» ይሉታል። ሰፈር ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የእናንተን ተራራ የሚመስል ተራራ ሠርተው፣ ሥሩ የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር አቁመውበታል። ሰው ገብቶ እንደ መንደሩ ነዋሪ እየተጫወተ ይውላል።

በር ላይ አንድ ወጣት በየአንገታችን የናስ ቁጥር አንጠለጠለልን። «እንዳትጥሉት፤ ካልወጣችሁ ሬሳችሁን የምንለየው በሱ ነው» አለና ሣቀ። ሰልፉ በሙሉ ሣቀ። ከርቲስም ሣቀ፤ እሱ ምን ያውቃል፣ ኢንዲያና በቆሎ መሀል ያደገ ሰው ነው።

ቤቶቹ በተራ ተደርድረዋል፣ አባቴ በፎቶ እንዳሳየኝ። በረንዳ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ ሄጄ ብነካው በሙጫ የደረቀ ነው፣ ነፋስ አያነቃንቀውም። በመሀል ወንዝ ይወርዳል፤ ውኃው ብርቱካናማ ነው። ሰው ሳንቲም እየጣለ ይመኝበታል። ድሮ ቆፋሪዎች የጉድጓዱን መርዛም አየር እንድታሳውቃቸው ይዘዋት ይገቡ የነበረችው ቢጫ ወፍ ከጥጥ ተሠርታ ትሸጣለች። ሆዷን ሲጫኑት አንገቷን ትደፋለች፤ ደግመው ሲጫኑት ትነሣለች። ልጆቹ ሲገድሏትና ሲያስነሷት ነው የሚውሉት። ከሰል የሚመስል ኬክም አለ። የበላው ሁሉ ጥርሱና ምላሱ ይጠቁራል። እኔ በሥራዬ ስንት የበሰበሰ አፍ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍ አስጠልቶኝ አያውቅም። በዞርኩበት ሁሉ ጥቁር ጥርስ እየሣቀ ይመጣብኝ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ባቡር ነው። ስሙን «ቁጥር ሦስት» ብለውታል። አጎቴ ሆባርት ከአሥሩ ሰዎች ጋር የቀረበትን የእናንተን ጉድጓድ ስም! ስለ ባቡሩ ከዚህ በላይ ዛሬ አልጽፍም። ቤት ገብቼ እራት አልበላሁም፤ እስከ ማክሰኞ ድረስም ምግብ አልቀመስኩም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ስለ ቁጥር ሦስት ሊጠይቅ ወደ ብራሽ ሊክ የመጣ ሰው ነበር? ወደ እርስዎ የመጣ?

አምላክ ቤትዎን ይጠብቅልኝ።

አክባሪዎ ዳርላ


ብራሽ ሊክ፣ ኬንታኪ
ጁን 15 ቀን 2023

ይድረስ ለልጄ ለዳርላ፤

ጌታ ከነቤተሰብሽ በጥላው ሥር ያኑርሽ። ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ዝናቡ በዛና የቲማቲሙ ቅጠል ብጫ ሆነ፤ ቦሎቄው ግን አጥሩን አልፎ ሄዷል። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ተጠገነ። ፓስተር ፕሩዊት ስብከቱን አሳጥሯል፣ ሚስቱ ተቆጥታው ነው ይባላል።

የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ብርቱካናማ ወንዝ አልሽኝ? የኛ ወንዝ ብርቱካናማ የሆነው እኮ ከተዘጋው ጉድጓድ በሚፈስ መርዝ ነው። ዓሣ ካየንበት ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሳንቲም ጣሉበት አልሽኝ! ምነው አይጠጡትም?

ስለ ወፏ ደግሞ፣ ሆባርት ወፍ ይዞ ገብቶ አያውቅም። በሱ ጊዜ መለኪያ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር እንጂ። ይኸን የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ ነው ወፍ የሚሠሩት።

ጎረቤቴ ዊልማ ኮምስ ጉልበቷን አሟታል ብለውኛል። ድሮ ቢሆን ራሷ ነበረች የምትነግረኝ፤ አሁን ከሰው እሰማለሁ። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ።

ለከርቲስ ሰላም በይልኝ። አትናደጂበት፣ ሣቅ የሁሉም ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽኝም። ባቡሩ መጨረሻው ምንድን ነው? ሰዎቹ ምን ይሆናሉ?

የአጎትሽ ሚስት ኦፓል


ኦርላንዶ
ጁን 22 ቀን 2023

ለውድ እትዬ ኦፓል፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። ጥያቄዬን እንዳልመለሱልኝ አይቻለሁ። የእርስዎን ግን እመልሳለሁ።

ወደ ባቡሩ የሚያስገባው ሰልፍ አንድ ሰዓት ተኩል ያስቆማል። ሰው እንዳይሰለቸው ከግድግዳው ውስጥ የአሮጊት ድምፅ ይናገራል። ጉድጓዱ ሲናድ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረ፣ ሴቶቹ በር ላይ እንዴት እንደቆሙ፣ አንዷ የባሏን ኮት ለብሳ እንደመጣች። ከጀርባ ቫዮሊን አለ። እኔ ጆሮዬ ላይ እንጂ ልቤ ላይ አልደረሰም ነበር። ማርሊ ናት እጄን ጎትታ «እማ፣ እትዬ ኦፓል ናት እኮ» ያለችኝ።

አሥር ዓመቷ ነው። ድምፅዎን የምታውቀው በገናና በፋሲካ ስልክ ብቻ ነው። ወዲያው አወቀችው። እኔም ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መስማት አልቻልኩም።

ባቡሩ ጨለማ ውስጥ ይገባል። መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ድንጋይ የወደቀ ይመስላል፣ የረጠበ አለት ሽታ ይረጩብናል። ሰው በደስታ ይጮሃል። ከዚያ ጸጥ ይላል። የእርስዎ ድምፅ ብቻውን «ሦስት ቀን ቆምን። በሦስተኛው ቀን ፊሽካው ተነፋ። ‹ወጡ፣ ወጡ!› አሉ። ሮጥን» ይላል። ያኔ መብራት ቦግ ይላል፣ ሙዚቃው ይደምቃል፣ አሥራ አንድ አሻንጉሊት ቆፋሪዎች ቆባቸውን እያውለበለቡ ከጉድጓዱ ይወጣሉ። ሚስቶቻቸው ያቅፏቸዋል። ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ማርሊ ስትወርድ «አጎት ሆባርት ወጥቶ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አባቴ ከዚያ ጊዜ በኋላ እኛን ይዞ ወደዚህ ከመጣ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም።

እትዬ፣ ይህን የሰጧቸው እርስዎ ነዎት? ይህን እንዲያደርጉበት?

ዳርላ


ብራሽ ሊክ
ኦገስት 9 ቀን 2023

ለልጄ ለዳርላ፤

የጌታ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። መልስ የዘገየው ታምሜ አይደለም። አራት ጊዜ ጽፌ አራቱንም ቀድጄዋለሁ። የመጨረሻው ይኸ ነው፣ እንዳለ ይሂድ።

አዎ፣ እኔ ነኝ።

የዛሬ አራት ዓመት በጥቅምት አንዲት ልጅ መጣች። ጥርሷ የሚያምር፣ ስትናገር ጉልበቴን እየነካች። የድሮ ታሪክ እንሰበስባለን፣ ሰው እንዳይረሳው፣ አለችኝ። እኔም ሙዚየም ነው ብዬ ነው። ቦሎቄ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ አቀረብኩላት፣ ሁለቴ ጨለፈች። መቅጃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ከፈለጉበት ይጀምሩ» አለችኝ።

ልጄ፣ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። የማዕድኑ ኩባንያ መጥቶ የጠየቀኝ ሆባርት ያን ቀን ጠጥቶ ነበር ወይ ብሎ ነው። የመንግሥት ሰው የጠየቀኝ የሟቹን የናስ ቁጥር ነው። አባትሽ ወንድሙን እንዳላስታውሰው ብሎ ሄደ፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አወራሁ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ አወራሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ስትሄድ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ። አላነበብኩትም። መነጽሬ ወጥ ቤት ነበር፣ እሷም ቸኩላ ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ የዊልማ የልጅ ልጅ በስልኩ የዚያን ባቡር ቪዲዮ ከነድምፄ አገኘው። ለአያቱ አጫወተላት። ዊልማ፣ ባሏ ዴልመር ከሆባርት ጎን የቀረው ዊልማ፣ በሬ ድረስ መጥታ «ባሌን አንቺ ነሽ ያስወጣሽው? አሁን የት ነው ያለው፣ ጥሪልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቦታ ቀይራ ትቀመጣለች። ሌሎቹም ባልቴቶች ተከትለዋታል። ስድስት ነበርን፣ አሁን እኔ ብቻዬን ነኝ ማለት ይቻላል።

ባቡሩ መጨረሻው ምን እንደሆነ የጠየቅኩሽ ዊልማ የተናገረችውን ማመን ስላልፈለግኩ ነው።

አሁን የሚያሳድደኝ ሌላ ነው። እንዲያ ብዬ ይሆን? ልጅቱ ዓይኗ እንባ ሲያቀር አይቼ፣ ደስ እንዲላት ብዬ፣ አለስልሼው ይሆን? ሰው ሲሰማሽ የማትይው የለም። አስታውሳለሁ ብዬ ስነሣ የማስታውሰው ድምፄን ሳይሆን ጥርሷን ነው።

ምንም እንዳታደርጊ። ለፓርኩ አትጻፊ። ይብቃ።

ኦፓል


ኦርላንዶ
ኦገስት 16 ቀን 2023

ለውድ እትዬ ኦፓል፤

ጤናዎን አብዝቼ እመኛለሁ። ባለፈው የጻፍኩበት አጻጻፍ አሳፍሮኛል፤ ይቅር ይበሉኝ። እንደ መርማሪ ነው የጠየቅኩዎት፣ እኔም እንደ ኩባንያው።

አትጻፊ ብለውኝ ጽፌአለሁ። ከርቲስ ነው ሐሳቡን ያመጣው። «የተናገረችውን ሙሉውን ይስጧት፣ የራሷ ድምፅ አይደል?» አለኝ። ሣቀ ብዬ የነገርኩዎት ሰው ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የናስ ቁጥሩን የት እንደጣለው አላውቅም፣ አንገቱ ላይ ግን አላየሁትም። የሁለቱን ቀን ቅጂ በሙሉ እንዲልኩልን ጠይቀናል። ካልሰጡን ደግሜ እጽፋለሁ፣ ካስፈለገም በራቸው ላይ እቆማለሁ።

እዚህ መጥተው ማየት ከፈለጉ ግን እኔ አልወስድዎትም። ያን ቦታ ሁለተኛ መርገጥ አልችልም፤ ለእርስዎም አልፈቅድም።

ዳርላ


ብራሽ ሊክ
ኦክቶበር 3 ቀን 2023

ለልጄ ለዳርላ፤

ጌታ ቤትሽን ይባርክ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ይኸን ስታነቢ ትቆጪኛለሽ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ፍሎሪዳ መጥቼ ነበር። ያንቺ ከተማ አንድ ቀን ውዬ በርሽን ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

ፓስተር ፕሩዊት የፓስተሮች ስብሰባ ነበረበት፣ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ቦታ ነበር። ባሕር ማየት እፈልጋለሁ አልኩት። ዋሽቼ ነው። ስብሰባው ላይ ሲገባ ታክሲ ያዝኩ። የመግቢያውን ዋጋ አልነግርሽም፣ አፍሬበታለሁ።

በር ላይ የቆመው ልጅ ፊቱን እንደ ቆፋሪ አጨማዶ፣ በኛ አነጋገር፣ ማለት በኛ አነጋገር መስሎት፣ «እማማ፣ እንኳን ለፈረቃው በሰላም መጣሽ!» አለኝ። የማን ልጅ ነህ ስለው ከኒው ጀርሲ ነኝ አለኝ፣ በራሱ አፍ። ደግ ልጅ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር አመጣልኝ፣ ውኃም ሰጠኝ። «ባቡሩ ያስፈራል፣ ልብ ሕመም የለብዎትም?» አለኝ። የለብኝም አልኩት።

እንደ ጻፍሽልኝ ነው ሁሉም። አንድ ያልጻፍሽው ሽታውን ነው። የረጠበ አለት ብለሻል፤ አይደለም። የሽቱ ሱቅ ውስጥ የገባ አለት ነው። የቁጥር ሦስትን ሽታ ሆባርት ልብሱ ላይ ይዞት ሲመጣ አሥር ዓመት አጥቤዋለሁ።

ከዚያ ድምፄን ሰማሁ። ልጄ፣ ሰው የራሱን ድምፅ ከግድግዳ ውስጥ ሲሰማ ምን እንደሚመስል አልችልም ልነግርሽ። ከጎኔ ያንን ጥቁር ኬክ የምትበላ ሴትዮ ነበረች። «ይቺ አሮጊት ጎበዝ ተዋናይ ናት፣ በየጊዜው ታስለቅሰኛለች» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ሣቀችና አቀፈችኝ። በኬኩ ትከሻዬን አጠቆረችው።

ባቡሩ ላይ አልወጣሁም። ልጁን በመውጫው በኩል አድርሰኝ አልኩት። ከውስጥ «ወጡ፣ ወጡ» ሲባል፣ ሙዚቃው ሲደምቅ፣ ሲጨበጨብ ከውጭ ይሰማል። ሰው እየሣቀ መውጣት ጀመረ። ከወንበሩ ተነሥቼ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

«አልወጡም» አልኳቸው። «አሥራ አንድ ነበሩ። አንድም በሕይወት አልወጣም።» ስማቸውን ጠራሁ። ሆባርት ስቲድሃም። ዴልመር ኮምስ። ሁለቱ የማጋርድ ወንድማማቾች። ሁሉንም፣ አንድ ሳላስቀር፣ በወረቀት ሳላይ።

ሰው ቆመ። ክብ ሠራ። ደስ አለኝ፣ ሰሙኝ ብዬ። ስጨርስ አጨበጨቡ። ስልካቸውን ከፍ አድርገው ሲቀርጹኝ ኖሯል። አንድ ሰውዬ ቀረብ ብሎ «እማማ፣ ቀጣዩ ዝግጅትሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው? ሚስቴ ሽንት ቤት ሄዳ አመለጣት» አለኝ።

እዚያው አስታወከኝ። የቆሻሻ መጣያቸው የከሰል ጋሪ ይመስላል፤ እሱ ውስጥ። ሰው ያኔ ነው የሸሸው። የኒው ጀርሲው ልጅ ብቻ ቀረ። ጀርባዬን ይዞኝ፣ በራሱ አፍ፣ በቀስታ፣ «እውነት ነው እንዴ?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። «ሲቀጥሩን ሁሉም ወጥተዋል ነው ያሉን» አለ። አለቃው መጣች፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ለሆድሽ ማጽናኛ ብላ ከነዚያ ወፎች አንዷን እጄ ላይ አስቀመጠች። እዚያው ወንበሩ ላይ ትቻት ሄድኩ።

አንቺ ጋ ያልመጣሁት ስለምንጠላላ አይደለም። ሽታው ልብሴ ላይ ነበር። ቤትሽ ይዤው መግባት አልፈለግኩም።

ኦፓል


ኦርላንዶ
ኦክቶበር 24 ቀን 2023

ለውድ እትዬ ኦፓል፤

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ያነበብኩት መኪና ውስጥ ነው፣ ሥራ ልገባ ስል። አልገባሁም። በሬን አለማንኳኳትዎ አሞኛል፤ አልደብቅዎትም። ልብስ እኮ ይታጠባል። እኔ ደጃፍ ላይ ቆመው ቢያስታውኩም ይሻለኝ ነበር።

ከርቲስ አነበበውና ወጥቶ ሣር ሲያጭድ ዋለ። ሣሩ ረጅም አልነበረም።

ፓርኩ መለሰ። ደብዳቤያቸው ትሕትና የሞላበት ነው። ስሜትዎ እንደገባቸው፣ ታሪክዎ እንዳነሣሣቸው ይናገራል። መጨረሻውን እንደማይቀይሩት፣ ምክንያቱም «እንግዶቻችን ተስፋ ይዘው እንዲወጡ እንፈልጋለን» ይላል። ድምፅዎን ግን አንሥተነዋል ብለዋል። ለእርስዎና ለማንኛውም ባልቴት የዕድሜ ልክ መግቢያና «የክብር ቆፋሪ» የሚል ምስክር ወረቀት ልከዋል። አብሬ ልኬዋለሁ፤ ልቀድደው ነበር፣ ግን መብቱ የእርስዎ ነው።

ሁለተኛ አልረግጠውም ያልኩትን ረገጥኩት። ድምፅዎ መነሣቱን ራሴ ለማረጋገጥ ባለፈው እሑድ ብቻዬን ሄድኩ። እውነት ነው፣ ተነሥቷል። ተዋናይ አስገብተዋል። ቃሉ አልተቀየረም፤ «ሦስት ቀን ቆምን» ትላለች፣ ኮቱን ሳይቀር ትናገራለች። ትንፋሿን እየሳበች ታለቅሳለች። ከእርስዎ የበለጠ ታለቅሳለች። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ሳልገባ ወጣሁ። አንድ ነገር ሰርቄ ቤት የገባሁ ያህል ሰውነቴን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

የተናገሩበትን ቅጂ ግን ልከዋል። ርዝመቱ አሥር ሰዓት ነው። እኔ አልሰማሁትም፤ መጀመሪያ መስማት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ማጫወቻ ገዝቼ ከሱ ጋር ልኬያለሁ። አረንጓዴውን ሲጫኑት ይናገራል፣ ቀዩን ሲጫኑት ዝም ይላል። ድምፁን ለጆሮዎ እንዲበቃ እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጌዋለሁ።

ከፈሩ አይስሙት። አለስልሰውት ቢሆንም ለኔ ያው ነዎት።

ልጅዎ ዳርላ


ብራሽ ሊክ
ኖቬምበር 24 ቀን 2023

ለልጄ ለዳርላ፤

በዚህ ምስጋና በምናቀርብበት ሳምንት ጌታ ያንቺንና የከርቲስን እጅ ይባርክ፣ ማርሊንም በሞገስ ያሳድጋት።

ምስክር ወረቀቱ ምድጃ ገባ። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ጥሩ ነደደ። ዕድሜ ልክ ይላል ደግሞ! ሰባ አንድ ዓመቴ እኮ ነው፤ የማን ዕድሜ ነው የሚያወሩት? ያ ቦታ ትዝ ሲለኝ አሁንም እንደሚያስመልሰው ሰው አፌ ውስጥ ምራቅ ይሞላል። ይኸ የሚለቀኝ አይመስለኝም፣ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ማጫወቻውን ሁለት ሳምንት ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ትናንት፣ የምስጋናው ቀን፣ ሁሉም ከልጆቹ ጋር ሲሆን፣ ይዤው ወደ ዊልማ ቤት ሄድኩ። ልጆቿ ዘንድሮ አልመጡም፣ ጢሷ ብቻውን ሲወጣ ከመስኮቴ አይቼዋለሁ። አንኳኳሁ። መጋረጃው ተነቃነቀ፣ በሩ ግን አልተከፈተም። እኔም በረንዳዋ ላይ ተቀመጥኩና አረንጓዴውን ተጫንኩት።

እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ እኔም ራሴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ክፉ ከሆነ ሁለታችንም አንድ ላይ እንስማው ብዬ ነው። ድምፁን ለጆሮዬ ብለሽ ከፍ አድርገሽው መንደሩን አናወጠው። የኮሊየሮቹ ውሻ ጮኸ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ተቀመጥኩ። ብርድ ነበር። ከዚያ መጣ። «ሦስት ቀን ቆምን። በሦስተኛው ቀን ፊሽካው ተነፋ። ‹ወጡ፣ ወጡ!› አሉ። ሮጥን።» ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፄ ሳያቋርጥ ቀጠለ። «ሁሉም ተሸፍነው ነበር። ያየነው እግራቸውን ብቻ ነው። ጫማውን አይቼ ነው ሆባርትን የለየሁት፣ እኔ ነኝ ማሰሪያውን በሽቦ ያሰርኩለት።»

ብዬዋለሁ፣ ዳርላ። አላለሰለስኩትም። ሁሉንም ብዬዋለሁ።

በሩ ተከፈተ። ዊልማ በዱላዋ ተደግፋ ቆማለች። «ግቢ» አለችኝ። «ጎረቤት አስቸገርሽ።»

ገባሁ። ማጫወቻውን በድንችና በዳቦዋ መሀል አስቀመጥነው። ቁጭ ብለን ሰማን። ቀጥሎ የመጣውን እኔ ረስቼው ነበር፤ ለዚያች ልጅ መናገሬን ማለቴ ነው እንጂ ነገሩንስ አልረሳሁትም። ሬሳዎቹን ትምህርት ቤቱ ጅምናዚየም ውስጥ ሲያስተኟቸው ዊልማ ራሷን ስታ ወድቃ ወደ ቤት ወስደዋት ነበር። ዴልመርን የሚያጥበው አልነበረም። ሆባርትን ከጨረስኩ በኋላ ውኃ ቀይሬ እሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የሌላ ሴት ባል ነውና ለዊልማ ነግሬያት አላውቅም። አርባ አራት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ስንቀመጥ አልነገርኳትም። አሁን ያ ማሽን ጠረጴዛዋ ላይ ሆኖ ነገራት።

ቀዩን ራሷ ተጫነችው። እኔም ኮቴን ፈለግኩ፣ ልታስወጣኝ ነው ብዬ።

«ከጆሮው ኋላ አጠብሽው?» አለችኝ።

«አጠብኩት።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«ስንት ዓመት ለመንኩት» አለች። «አንድ ቀን አጥቦት አያውቅም።»

ሣቋ ነው መጀመሪያ የመጣው፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው። ወንበሯን አስጠግታ እጄን ያዘችና በሌላው እጇ አረንጓዴውን ተጫነችው።

ያንቺው ኦፓል